የሌለ ቡሉኮ

ኪቶ ፉርዲሳ በር ላይ ዘበኛ ነኝ እኔ፣
ቡሉኮዬ ከላይ፣ ባትሪዬ ከጎኔ፤
ዝናብ ከጅሬን አናት ሲንደረደር ወርዶ
ቆርቆሮው ሲለፈልፍ፣ ዝምታዬን ማግዶ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ሉባባ፣ ያቺ ልጅ ኢንጂነሯ፣
«አባቴ፣ ይግቡልኝ» አለች ቆማ ከበሯ።
ገባሁ። አንድ ሰው ቆሟል፤ ሰው አይሉት ነገር፤
ቅንድቡ ይነሳል፣ ይንቀሳቀሳል ከንፈር።
ከባሕር ማዶ ሲመጣ ጠባዩን ቋጥሮ
ዓይን ለዓይን ገጠመኝ እንደ ቀማኛ ደፍሮ፤
በአንድ እጁ ጨበጠኝ፤ ግራው ተንጠልጥሎ፣
ወገቡ ሳይሰበር፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ።
«አዩት?» አለች፣ «ሁሉ አለው፣ ይሉኝታ ግን የለው፤
የእርስዎን ገላ ጠባይ ልናውሰው ነው።»
በሰዓት ሁለት መቶ ብር። ገላዬ ጠባይ እንዳለው
እኔም ያን ዕለት ሰማሁ።

ነጫጭ ፍሬ ለጠፉብኝ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ አንገት፣
ልክ እንደ በቆሎ እሸት።
«ሰላምታ» ሲሉኝ ጎንበስ፤ ግራዬን ከቀኝ ክርኔ ሥር፤
ትከሻ ለትከሻ ገጨት፣ ደግሞ ገጨት፣ በፍቅር።
«እሺታ፣ ያለ ቃል» ሲሉኝ አየር ሳብ አረግሁ ወደ ውስጥ፤
ኮምፒውተሩ ጻፈ፦ መደንገጥ!
«ኧረ መስማማቴ ነው!» አልኩ። ቶሌራ ሳቀ፣ ሰረዘ።
«ሳቅ» አሉኝ፤ መዳፌ ቀድሞ አፌን ሸፍኖ ያዘ።
«ቁጣ» አሉኝ፤ ተቆጣሁ። ዝም።
ቶሌራ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ «ይጀምሩ እንጂ» አለኝ።
«ጨርሻለሁ» አልኩት፣ «የኔ ልጅ፣ ከዚህ በላይ አላውቅም።»

ከዚያ «ሐዘን» አለች ሉባባ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
ሐዘን በትእዛዝ ይመጣል? እንደ ባጃጅ፣ በጣት ሲጠቅሱት?
ደረት ልምታ? ፀጉሬን ልንጭ?
ባዶዬን ቆምኩ። ሰዓቱ ሄደ።
«ይበቃል» አለች አንገቷን ደፍታ፤ ሻይ ሊጠጡ ወጡ፣
ማሽኑን ሳያጠፉ።
ውጭ ዝናቡ ጀመረ፣
ያ የማውቀው፣ ከጅሬን የሚነሳው።
ሌላ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም።

ጥር ላይ ግቢው ለእንግዳ ተከፈተ።
ሚስቴ ሸምሲያ መጣች፣ አረንጓዴ ሻሿን አስራ፣
ከሄርማታ በባጃጅ፣ ወሬውን ሰምታ።
ያ ብረት እጅ ነሳት፤ ዓይኑን ሰበር፣ ግራውን ከክርኑ ሥር፤
ሰው አጨበጨበ። «ቁርጥ እርስዎን!» አሉኝ፤ ኮራሁ።
ቶሌራ ሌላ ቁልፍ ነካ።

ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ትከሻው ሄደ፤
የሌለ ቡሉኮ ጨበጠ፤
የሌለውን ጠርዝ ስቦ አፉ ላይ አመጣ፣ ያዘው፤
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።
ትከሻው ሁለቴ፣ ሁለቴ ብቻ፣ ተነሳ፣ ወረደ።

«ማን አስተማረው?» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ልጃችን ራህመት ስታርፍ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እኔ
ድንኳን ስተክል፣ ወንበር ስቆጥር ነበር።
«ልቡ ድንጋይ ነው» ተባለ። ሸምሲያ አላለችም፤ ግን አመነች፤
ስድስት ክረምት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።
እኔም ስድስት ክረምት የሌሊት ፈረቃ ለመንኩ።

አሁን ብረቱን አየችው። ደግማ አየችው።
ከዚያ የኔን ቡሉኮ ጠርዝ አየች፣
አፌ ጋ የሚደርሰውን፣ የተበላውን፣ የሳሳውን፣
ስንቴ በገዛ እጇ የጣፈችውን፣ አይጥ ነው ብላ።
«ለካ...» አለች። አልጨረሰችውም።
ከትከሻዬ የተንሸራተተውን መለሰችልኝ፣
ሕዝብ ፊት፣ በቀን።

ከኋላችን ያ ብረት፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀው፣
የሌለ ሳንባውን ሞልቶ
አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።